ከወለል መነሣት፦ ጉልበታቸው የደከመ አንዲት ጡረተኛ መምህርት የዮጋ ልምምድ በደብረ ብርሃን

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ቀኝ ጉልበታቸው ከመጀመሪያውም ደካማ የነበረ አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ዮጋ ሲለማመዱ የሆነውን እዚህ መዝግቤያለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰፈራቸውና ያስተማሩበት ትምህርት ቤትም ይቅር። ዮጋና ጉልበት አብረው በተነሡ ቁጥር የሚጠየቀው «የትኛው አቋም ይከለከላል?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ይመልሳል። እኚህን እናት ይጎዳቸው የነበረው በአብዛኛው ወደ ወለል ሲወርዱና ከወለል ሲነሡ የሚያደርጉት ነገር ነበር። ሰው ምንጣፍ ላይ ሆኖ ስለሚሠራው ብዙ ይባላል፣ ምንጣፉ ላይ እንዴት እንደደረሰ ግን የሚጠይቅ የለም።

በሳምንት ሁለት ቀን አነስተኛ ቡድን አለማምዳለሁ። በዚህ ጉዳይ የሕክምናውን ውሳኔ የሰጡት ሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ልምምዱን ከእነሱ ምክር ጋር ማስማማት ነበር።

ዳራ

መምህሯ 61 ዓመታቸው ነው። በ60 ዓመታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምረዋል፤ ያ ማለት የዕድሜያቸውን ግማሽ ሰሌዳ ፊት ቆመው አሳልፈዋል። ሰውነታቸው ደልደል ያለ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አንኮበር ሄደው ቁልቁለት ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ነበር። ጉልበታቸው አበጠ፣ ወጌሻ አሸላቸው፣ እብጠቱ ወረደ፣ ነገሩ ተረሳ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ሲወጡ ምንም አይሉም፤ ቁልቁል ሲወርዱ ግን ቀኝ እግራቸውን ይሳሳሉለታል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳው ውርጭ ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ይላል፣ መምህሯም ለዓመታት እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። ብርድ የመገጣጠሚያን ንጣፍ አይበላም። የታመመ ጉልበት በብርድ ጊዜ ይበልጥ እንደሚገተር ግን እውነት ነው፤ ይህ በኋላ የልምምዱን ሰዓት እስከመቀየር አድርሶናል።

ከአኗኗራቸው ሁለት ነገሮች ለጉዳዩ ወሳኝ ናቸው። አንደኛው ዱካ ነው። ሽንኩርት ሲልጡ፣ ቡና ሲቆሉና ሲያፈሉ ከመሬት ስንዝር ተኩል ከፍ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው። ሁለተኛው ስግደት ነው። በጾም ወራት ይሰግዳሉ፤ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንሱት ሲደክሙ እሳቸው አይደክሙም ይባላል። ሰውነታቸው በአጭሩ ለወለል እንግዳ አይደለም። ይህ ጥሩም መጥፎም ነበር።

ችግሩ

አዲስ አበባ የምትኖር ልጃቸው «ለጉልበትሽ ይጠቅምሻል» ብላ በስልክ የዮጋ ቪዲዮ ላከችላቸው። በቪዲዮው ላይ ያለችው ወጣት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሎተስ የሚባለውን፣ በሳንስክሪት ፓድማሳና የተባለውን አቀማመጥ ትሠራለች፤ ሁለቱም እግሮች ተጣጥፈው እያንዳንዱ እግር በተቃራኒው ጭን ላይ ያርፋል። መምህሯ ግራ እግራቸውን በቀላሉ አወጡ። ቀኙ እንቢ ሲላቸው በሁለት እጃቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ይዘው ሳቡት። ጉልበታቸው ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ ሲል ተሰማቸው። በማግስቱ አብጦ አደረ።

ከዚያ የሆነው በእኛ አገር የተለመደው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ቀጥሎ ወጌሻ መጥቶ ያበጠውን አሸው፤ በዚህ ጊዜ ሕመሙ ባሰ። ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተገዛ። ረቡዕና ዓርብ በባዶ ሆዳቸው ስለወሰዱት ጨጓራቸው ተቃጠለ። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ጨጓራን ከመጉዳት ሌላ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ለእሳቸው ዓይነት ሰው ያለ ሐኪም ምክር የሚዋጡ አይደሉም።

ሆስፒታል ሲሄዱ ቆመው የተነሡት ራጅ በጉልበታቸው ውስጠኛ ጎን በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን አሳየ። ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ንጣፍ መበላት ነው ተባሉ። ሜኒስከስ የሚባለው የውስጠኛው ትራስም ተቆጥቶ ሊሆን እንደሚችል ተነገራቸው። ጉልበታቸው ስለማይቆለፍና ስለማይከዳቸው ቀዶ ሕክምና አልታሰበም። አንድ ባለሙያ «ከእንግዲህ ስፖርት ይቅርብዎት» አሏቸው። ፊዚዮቴራፒስቱ ተቃራኒውን መከረ፤ ትክክሉም እሱ ነበር። ለዚህ በሽታ እንቅስቃሴ ከመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች አንዱ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንቅስቃሴን በጥብቅ ሲመክር፣ ዮጋን ደግሞ ለዘብ ባለ ደረጃ ከሚመከሩት ውስጥ አስገብቶታል።

እብጠቱ ከወረደ በኋላ ጥቅምት ላይ ወደ እኛ መጡ። «ልጄ፣ ዮጋ ነው ያሰናከለኝ፤ ዮጋው ራሱ ያድነኝ እንደሆነ ልይ» ነው ያሉኝ።

መጀመሪያ ያየነው

በመጀመሪያው ቀን ምንም የዮጋ አቋም አላሠራኋቸውም። ምንጣፉን አነጠፍኩና «እትዬ፣ እንደ ቤትዎ ቁጭ ይበሉና ይነሡ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን አቆላለፉና ዝቅ አሉ። የመጨረሻዋን ስንዝር ግን ዘፍ አሉ እንጂ አልወረዱም። ሲነሡ ቀኝ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ፤ ቀኝ ተረከዛቸው ከቦታው ሳይነቃነቅ መላ ሰውነታቸውን በታጠፈው ቀኝ ጉልበት ላይ አዙረው ወደ ላይ ገፉ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ዘመመ። ፊታቸው ተኮማተረ፣ «በስመ አብ» አሉና ቆሙ። ሁሉም ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሚነሡ ስጠይቃቸው «ማን ቆጥሮት!» ብለው ሳቁ።

የታጠፈ፣ ክብደት የተሸከመና የሚጠመዘዝ ጉልበት ለሜኒስከስ ከሁሉም የከፋው ሁኔታ ነው። መምህሯ ሎተስን የሞከሩት አንድ ጊዜ ነው። ይህንን አነሣሥ ግን ዕድሜ ልካቸውን፣ በየቀኑ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ሌሎች ምርመራዎችም ተደረጉ። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር መነሣት የቻሉት 8 ጊዜ ነው፤ ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ12 በታች ከአማካይ በታች ይቆጠራል። ቀኝ ጭናቸው ከግራው ሳሳ ያለ ነው። ቀኝ ዳሌያቸው ወደ ውጭ ሲዞር ቶሎ ይቆማል። ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው የተገተረ ነው፤ ጉልበታቸውን ወደ ፊት ሲያጥፉ ተረከዛቸው ወዲያው ከመሬት ይነሣል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ደግሞ ጉልበታቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ይቆልፉታል። ብዙ የቆሙ አስተማሪዎች ላይ የማየው ልማድ ነው፤ ጡንቻው ያርፋል፣ ሸክሙ በጅማትና በአጥንት ላይ ይወድቃል።

ጉልበት የሚችለውና የማይችለው

የጉልበት ዋና ሥራ እንደ በር ማጠፊያ መታጠፍና መዘርጋት ነው። ሲታጠፍ በጥቂቱ መዞርም ይችላል፤ ብዙ ግን አይደለም። የመዞሩ ሥራ በዋናነት የዳሌ ነው። በሎተስ እግሩ ጭን ላይ እንዲወጣ ጭኑ ከዳሌው ጀምሮ ወደ ውጭ መዞር አለበት። ዳሌ የማይዞር ከሆነና እግሩ በእጅ ከተሳበ የጎደለውን መዞር የሚከፍለው ጉልበት ነው። በቁጢጥ ጊዜ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ጉልበት ወደ ውስጥ እየዘመመ ያካክሳል።

ከዚህ የተነሣ ሥራችን በአብዛኛው ከጉልበት በላይና ከጉልበት በታች ሆነ። መምህሯ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «የሚያመኝ እዚህ፣ የምታሠራኝ እዚያ» እያሉ ይገረሙ ነበር።

ሌላው ሸክም ነው። ሜዳ ላይ ሲሄዱ በጉልበት ሎሚ ላይ የሚያርፈው ጫና ቀላል ነው፤ ደረጃ ሲወጣና ሲወረድ የሰውነትን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል፣ ጥልቅ ቁጢጥ ላይ ደግሞ ከዚያም በብዙ ይበልጣል። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ የሚያሳምመው የጭን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን መያዝ ስላለበት ነው። ጡንቻው ከደከመ ፍሬኑን የሚይዘው መገጣጠሚያው ራሱ ነው። በሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር ላይ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር ያለውን ያየ ያውቀዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቀድመን የተስማማነው የሕመም ልክ ላይ ነው። ሕመም ከ0 እስከ 10 ቢለካ እስከ 3 ያለው ይፈቀዳል፣ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም ካበጠ ያለፈው ቀን ልምምድ በግማሽ ይቀነሳል። የሚወጋና ጉልበት ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም ከተሰማ በየትኛውም ደረጃ ወዲያው ይቆማል። የጭን ጡንቻ ማቃጠል ግን ሕመም አይባልም፤ ይህን መለየት ጊዜ ወሰደባቸው።

ቀጥሎ መውረድና መነሣትን እንደ ራሱ ልምምድ አስተማርን። ከጎናቸው ጠንካራ የእንጨት ወንበር፣ ከፊታቸው የታጠፈ ባና ይቀመጣል። ሲወርዱ ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ አሳርፈው፣ ደህናውን ግራ እግር ከፊት ትተው፣ ቀኝ ጉልበታቸውን ቀስ ብለው ባናው ላይ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ በእጅና በጉልበት ሆነው ወደ ጎን ይቀመጣሉ። ሲነሡ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ፦ በእጅና በጉልበት፣ ግራ እግር ወደ ፊት፣ እጅ ወንበር ላይ፣ በግራ ተረከዝ መሬቱን ገፍቶ መቆም። ዋናው ደንብ ጉልበት በታጠፈበትና በተሸከመበት ጊዜ እግር ተተክሎ ሰውነት እንዳይዞር ነው። መዞር ካስፈለገ እግሩ ይነሣና አብሮ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ በአንድ ልምምድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚወርዱት። የቀረው ሁሉ ወንበር ላይ፣ ቆሞ ወይም ከፍ ባለ መደብ ላይ ተኝቶ ተሠራ።

የዮጋ ዕቃ የሚባሉት ነገሮች ገበያ ላይ ውድ ናቸው፤ ግዴታም አይደሉም። ብርድ ልብስ፣ ማሰሪያና ወንበር በዮጋ ውስጥ እንዲለመዱ ካደረጉት ዋነኛው የህንዱ መምህር ቢ ኬ ኤስ አየንጋር (1918–2014 እ.ኤ.አ.) ናቸው። እኛ ዘንድ የመንዝ ባና አለ። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ወፍራም፣ ሲታጠፍ ቅርጹን የማይለቅ ነው። ከሚሸጡት የስፖንጅ ጡቦች ይልቅ ለጉልበት የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለማሰሪያ ደግሞ መምህሯ መቀነታቸውን ይዘው መጡ።

ከልምምዳቸው ሙሉ በሙሉ የወጡት ሎተስ፣ በተረከዞች መካከል ተንበርክኮ የሚቀመጡበት ቪራሳናና የፊቱ እግር ታጥፎ ወለል ላይ የሚተኛበት የርግብ አቋም ናቸው። ሌሎቹ ተለወጡ። አንድ እግር ወደ ፊት ተራምዶ ጉልበቱ በሚታጠፍበት በተዋጊ አቋም እርምጃቸው አጠረ፤ ከፊተኛው ጭን ሥር ወንበር ገባ፤ ጉልበቱ ከእግር ሁለተኛ ጣት አቅጣጫ እንዳይወጣ በመስተዋት ይታያል። እግር ከፍቶ ወደ ጎን በሚጎነበስበት በሦስት ማዕዘን አቋም እጃቸው ቁርጭምጭሚት ላይ መድረሱ ቀርቶ ወንበር ላይ አረፈ፤ ጉልበታቸውን ወደ ኋላ ከመቆለፍ ይልቅ በጥቂቱ አለስልሰው የጭናቸውን የፊት ጡንቻ ያጠብቃሉ። ለእሳቸው ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር። ወር ሙሉ «አለስልሱት» ስል «ልወድቅ ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ልጅ የሚባለው ተንበርክኮ ግንባር መሬት የሚነካበት አቋም ቀርቶ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ፊት ያጎነብሳሉ።

ለማጠናከሪያ የተመረጡት ቀላል ናቸው። በጀርባ ተኝቶ ከቋንጃ ሥር የተጠቀለለ ባና ማስቀመጥና ለጥቂት ሰከንድ ወደ ታች መጫን። የድልድይ አቋም፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሣት፣ በጉልበቶች መካከል ጥቅል ይዞ። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሣት፤ ይህ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይዘም የሚይዘውን የዳሌ ጎን ጡንቻ ያጠነክራል። ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆምና ተረከዝን በዝግታ ማውረድ። መቀነቱን እግር ላይ አድርጎ ተኝቶ ቋንጃን ማፍታታት። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሁለት እጥፍ ባና ተደርጎ፣ በኋላ አንድ፣ በኋላ ባዶ ወንበር።

ያልታሰበው ጥያቄ

ልምምዱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት መምህሯ ቀሩ። ጎረቤት «ዮጋ የባዕድ አምልኮ ነው» ብሏቸው ነበር። ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ጠየቁ፤ አባ ደግሞ በትክክል ምን እንደሚሠሩ አንድ በአንድ እንዲነግሯቸው አደረጉ። የባዕድ ጸሎት እንዳይደግሙ፣ ለማንም ነገር እጅ እንዳይነሡ፣ የቀረው የአካል ማሠልጠኛ ከሆነ እንደ ሕክምና እንዲያዩት መከሯቸው። ሌላ አባት ሌላ ሊል ይችላል፤ ያ በእነሱና በልጆቻቸው መካከል ያለ ጉዳይ ነው።

ለእኔ ይህ ከባድ ጥያቄ አልነበረም። ኦም የሚለውን የህንድ የጸሎት ድምፅ ማሰማት፣ እጅ አጋጥሞ ናማስቴ ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ የፀሐይ ሰላምታ የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴ ለጉልበታቸው ጥንካሬ የሚጨምሩት የለም። እንዲያውም የፀሐይ ሰላምታ እግርን በፍጥነት ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚያስወረውር ከመጀመሪያውም በዕቅዳቸው ውስጥ አልነበረም። አቋሞቹን በአማርኛ እየጠራን ቀጠልን።

ያልሠራው

የጉልበት ማቀፊያ ሞከሩ። ሙቀትና ድፍረት ሰጣቸው፤ ድፍረቱ ግን በዛ። ማቀፊያውን ባደረጉ ቀን ዱካ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጡና ማታ ያብጣል። ገበያ ሲሄዱ ብቻ እንዲያደርጉት ተወሰነ።

ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በአየር ላይ መቀመጥ በጉልበት ሎሚያቸው ሥር ሕመም ስላመጣ ተተወ። ለሌላ ሰው ይስማማ ይሆናል።

የማለዳ ልምምድ ጨርሶ አልሆነም። ቤታቸው ብቻቸውን የሚሠሩት አጭር ልምምድ ከኪዳን መልስ፣ በባዶ ሆድና በውርጭ ነበር የተመደበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ወደ ረፋድ አዛወሩት፤ ፀሐይ በረንዳው ላይ ከወጣች፣ ቤት ውስጥ ጥቂት ከተንጎዳጎዱ በኋላ። ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም።

ክብደት መቀነስም ብዙ አልተሳካም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጉልበታቸውን በሚያማቸው ወፍራም አረጋውያን ላይ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ሸክም በአራት ኪሎ ገደማ እንደሚያቀል አሳይቷል። መምህሯ ይህን ሲሰሙ ቆራጥ ሆኑ፤ ቆራጥነታቸው እስከ ቀጣዩ ማኅበር ድረስ ቆየ። የጾም ምግብ ያከሳል የሚለውም ዘይት የጠጣ ወጥና የዳቦ ብዛት ሲታይ ብዙም አይሠራም።

የዱካው ነገር መሐል ላይ ቀረ። ቡናን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማፍላት «እንደ ቢሮ ሠራተኛ» ሆነባቸውና እምቢ አሉ። በመጨረሻ አናጺ ጋ ሄደው ከፍ ያለ በርጩማ አሠሩ፤ ረከቦቱም ከሥሩ ሳንቃ ገባለት። ሽንኩርቱ ወደ ጠረጴዛ ወጣ።

ዐቢይ ጾም

የጉዳዩ ፈተና እዚህ ነበር። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ለውጡ ጥሩ ነበር፤ ጠዋት መገተሩ አጥሯል፣ ከወንበር መነሣቱ ቀሏል። ጾሙ ሲገባ መምህሯ እንደ ልማዳቸው ስግደት ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበታቸው እንደገና አበጠ።

ስግደት ይቅር ማለት የእኔም የፊዚዮቴራፒስቱም ሥልጣን አይደለም፤ ብንልም አይሰሙንም። ይልቁንም አንድ ስግደታቸውን አሳዩኝ። ችግሩ ያው ነበር። ቀኝ ጉልበታቸውን ወለሉ ላይ በኃይል ያሳርፋሉ፤ ሲነሡ ደግሞ በቀኝ እግር ተጠማዝዘው ይነሣሉ። ልምምዱ ላይ የተማሩት አነሣሥ ወደ ጸሎት ሥፍራቸው አልገባም ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሲያዩት «ለካ አዳራሹ ሌላ፣ ቤቴ ሌላ ሆኗል» አሉ።

ለንስሐ አባታቸው ሐኪሙ ያለውን ነገሯቸው። አባ ግንባር መሬት የሚነካበትን ሰጊድ በጥቂቱ ብቻ ፈቅደው፣ ለቀረው አድንኖ፣ ማለትም ራስን ዝቅ አድርጎ መስገድ እንደሚበቃ ነገሯቸው። ለሚሰግዱት ጥቂቱ የታጠፈ ባና ተነጠፈ፤ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይይዛሉ፣ በግራ እግራቸው ይነሣሉ። መቋሚያም ሆነ ከዘራ ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ መያዝ አለበት። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይዞ ይሄዳል፤ እሳቸውም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያው ነበሩ።

ሕማማት ደረሰ። በስቅለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻ መትቶ የሚያዝዘውን ስግደት ከፍለው በአድንኖ ፈጸሙ። ጉልበቱ ደከመ፣ አላበጠም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ስግደት ስለሌለ በዚያ ጊዜ ማጠናከሪያውን በደንብ ጨመርን። ከመላው ልምምድ ፈጣኑ ለውጥ የታየው ያኔ ነው።

ውጤቱ

ሰኔ ላይ በ30 ሰከንድ ከወንበር የተነሡት 12 ጊዜ ነው። ከወለል ወንበሩን በአንድ እጅ ብቻ ነክተው ይነሣሉ። ዳይክሎፌናክ መውሰድ አቁመዋል። አንኮበር ሄደው ቁልቁለቱን በመቋሚያ ወርደዋል፤ በማግስቱ ተገትረው አደሩ እንጂ አላበጡም። ራጁ ደግሞ ቢነሣ የተለየ ነገር እንደማያሳይ ነግረናቸዋል፤ የተበላው ንጣፍ በዮጋ አይተካም። እግር አጣጥፎ ወለል ላይ መቀመጥ አሁንም አይችሉም። ስንዝር በሚያህል የታጠፈ ባና ላይ፣ ከሁለቱም ጉልበቶች ሥር ድጋፍ ተደርጎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሞክሩታል። ልጃቸው አሁንም ቪዲዮ ትልካለች፤ እሳቸውም «አይቼዋለሁ» ይሏታል፣ አይሠሩትም።

ለሌሎች የሚተላለፈው

አዲስ ሰው ምንጣፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሲቀመጥና ሲነሣ ይታይ። ከየትኛውም መጠይቅ ቅጽ በላይ ይናገራል። ወለል ላይ መውረድ የሚያሳምመው ሰው ልምምዱን ሙሉ በሙሉ ወንበርና መደብ ላይ ቢሠራ ዮጋውን አልቀነሰም።

እግርን በእጅ ስቦ ቦታው ላይ ማድረስ ለደካማ ጉልበት ክልክል ይሁን። ዳሌ ራሱ አዙሮ ያላደረሰው እግር እዚያ መድረስ የለበትም። በሕዝብ ፊት የሚያለማምዱ ሰዎችም የተለማማጅን ጉልበት በእጃቸው መጫን ይተዉ፤ ይህን ሲያደርጉ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አንድም ጊዜ ጥቅሙን አላየሁም።

ልምምድ የማይነካበት ጊዜ አለ። ጉልበት ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ክብደት መሸከም ጨርሶ ካልቻለ የዕለቱ ጉዞ ወደ ሆስፒታል ነው። ባት በአንድ በኩል ካበጠና ካመመም እንዲሁ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ጉልበት ታጥፎ የሚቆለፍ ወይም በመንገድ ላይ የሚከዳ ከሆነም ልምምዱ ሐኪም እስኪያየው ይቆይ። ያበጠ ጉልበት ደግሞ አይታሽም።

የሰው ሸክም በዓመቱ ውስጥ መቼ እንደሚጨምር አስቀድሞ ይታወቃል። ገበሬው የአጨዳውን፣ አማኙ የጾሙን ጊዜ ያውቃል። ጉልበትን የሚያሳብጠው ከባድ ሥራ ከምንም ተነሥቶ በአንድ ሳምንት ሲወርድበት ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ከወር ተኩል በፊት በትንሽ በትንሹ ይጀመር። መምህሯ ነሐሴ 1 ለሚገባው ጾመ ፍልሰታ በሰኔ አጋማሽ ጀምረዋል፤ ለጊዜው በቀን አምስት ስግደት፣ ባና ላይ፣ በግራ እግር እየተነሡ፣ ከረፋዱ ልምምድ ቀጥሎ።